ጠቆር ያለ ሁሉ የቆየ ነው? ስለ ጠንካራ መጠጦች ቀለም የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ዊስኪ ቀለሙን የሚያገኘው ከእህሉ ነው።»

አይደለም። ገብስም ይሁን በቆሎ፣ ከማንጠሪያው ቱቦ ጫፍ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እንደ ውሃ የጠራ ነው። አልኮል በ78 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲተን፣ ቀለም ያላቸው ነገሮች ስለማይተኑ ከታች ይቀራሉ። አዲስ ዊስኪና ቮድካ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው አፍንጫ ነው።

ቀለሙ የሚመጣው ኦክ ከተባለው ዛፍ እንጨት ከተሠራው በርሜል ነው። የበርሜሉ ውስጥ አስቀድሞ በእሳት ይለበለባል፤ ቡርቦን የተባለው የአሜሪካ ዊስኪ የሚገባበት በርሜልማ ከስሎ እንደ አዞ ቆዳ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ ይቃጠላል። ሙቀት ሲሆን መጠጡ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፤ ሲቀዘቅዝ ቀለሙን፣ ታኒኑን (አፍ የሚያደርቀውን የእንጨት ንጥረ ነገር) እና መዓዛውን ይዞ ይመለሳል። ያገለገለ በርሜል ሲፈርስ መጠጡ እስከ የት እንደዘለቀ በሳንቃው ላይ መስመር ሠርቶ ይታያል።

«ጠቆር ያለው የቆየው ነው።»

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው በዚህ እምነት ስለሆነ። ቡርቦን በሕግ አዲስ በርሜል ውስጥ ስለሚገባ በአራት ዓመቱ ጠይም ይሆናል። ስኮትላንድ ውስጥ ግን ደጋግሞ ባገለገለ በርሜል 20 ዓመት የተኛ ዊስኪ እንደ ገለባ ፈዛዛ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የስኮትላንድ ሕግ ኢ150ኤ የተባለውን የካራሜል (የተቃጠለ ስኳር) ማቅለሚያ ይፈቅዳል፤ ኮኛክ ለተባለው የፈረንሳይ የወይን አረቄም የተፈቀደ ነው። «ወርቃማ» የሚባለው የሜክሲኮ መጠጥ ተኪላ ደግሞ ብዙ ጊዜ በርሜል ሳያይ በካራሜል የቀላ ነው። ዕድሜ የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ምልክት የተጻፈውን የዕድሜ ቁጥር ያንብብ።

«ነጭ ሩም በርሜል አያውቅም።»

ሩም ከሸንኮራ አገዳ የሚነጠር መጠጥ ነው፤ ከነጩም በርሜል የሚያውቅ አለ። በርሜል ውስጥ ከቆየ በኋላ ቀለሙ በከሰል ተጣርቶ ይወጣል።

«ጠቆር ያለው ይበረታል።»

የአልኮሉን መጠን የሚወስነው ከመታሸጉ በፊት የሚጨመረው ውሃ ነው። 40 በመቶ የሆነ ቮድካና 40 በመቶ የሆነ ዊስኪ እኩል ናቸው።

«አረንጓዴውም ቀዩም ሁሉ ሰው ሠራሽ ቀለም ነው።»

በባህላዊ ዘዴ የተሠራ አብሲንት (ጠንካራ የዕፅዋት መጠጥ) አረንጓዴ የሚሆነው ከነጠረ በኋላ ከሚዘፈዘፉበት ዕፅዋት በሚወጣው ክሎሮፊል፣ ማለትም በቅጠል አረንጓዴ ቀለም ነው። ብርሃን ካገኘው እንደ ደረቀ ቅጠል ይገረጣል። ካምፓሪ የተባለው ቀይ የጣሊያን መራራ መጠጥም እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ የቀላው ኮቺኒል ከተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት በሚወጣ ቀለም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ሰው ሠራሽ ቀለም ተተክቷል። ሰማያዊው ኩራሳዎ የተባለው ጣፋጭ መጠጥ ግን ጣዕሙ ከብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ሰማያዊነቱ ማቅለሚያ ብቻ ነው።

«ጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ ይበስላል።»

ብርጭቆ ለመጠጡ የሚሰጠው ነገር የለውም። የ12 ዓመት ዊስኪ ታሽጎ ሌላ 10 ዓመት መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ያው የ12 ዓመት ዊስኪ ነው።