የታይላንድ በርበሬዎች፦ ዓይነታቸውና የማቃጠል ኃይላቸው

ውጭ አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ «ታይ ቺሊ» ተብሎ በትንሽ ፓኬት የሚሸጠው ነገር የአንድ በርበሬ ስም አይደለም። ባንኮክ ገበያ ውስጥ ሻጯ ፊት አምስት ስድስት ዓይነት ተከምሮ ይገኛል። ገዢው እያንዳንዱን በስሙ ይጠራዋል፤ ለየወጡም የሚገባውን ያውቃል። በአማርኛ ስለነዚህ በርበሬዎች የተጻፈ እምብዛም ስለሌለ እዚህ ሰብሰብ አድርገን እናያቸዋለን። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጣቸው

የበርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ወደ እስያ ያሻገሩት ፖርቹጋሎች ናቸው። በ1511 ማላካን (በዛሬዋ ማሌዥያ ያለች የወደብ ከተማ) ያዙ፤ በዚያው ዓመት መልእክተኛቸው ዱዋርቴ ፈርናንዴስ የሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ዋና ከተማ አዩታያ ደረሰ። በ1516 ደግሞ ከንጉሡ ጋር የንግድ ውል ተዋዋሉ። በርበሬውም በዚሁ የንግድ መስመር እንደገባ ይታመናል። ከዚያ በፊት የአገሬው ሰው ወጡን የሚያሳርረው በቁንዶ በርበሬ፣ በዝንጅብልና በመሳሰለው ነበር። በቀጣዮቹ ምዕተ ዓመታት አዲሱ ተክል ከጓሮ ጓሮ ተዳርሶ የአገር ልጅ ሆነ።

ዓይነቶቹ

በታይኛ በርበሬ «ፕሪክ» ነው። ዓይነቱን የሚለየው ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነው።

ከሁሉ ትንሹና ስመ ጥሩው ፕሪክ ኪ ኑ ሱዋን ነው፤ የጓሮው ኪ ኑ (የአይጥ ኩስ) ማለት ነው። ዛላው ከ3 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ቀጭን ነው፤ ጫፉ ይሾላል፤ ተክሉ ላይ ሽቅብ ይቆማል። አንዱን ዛላ በቢላ ጎን ጨፍለቅ ሲያደርጉት ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው፤ ማቃጠሉ ይከተላል። ቶም ያም ሾርባ የሚሠሩ ሰዎች በሌላ በርበሬ የማይለውጡት ለዚህ ነው። ናም ፕሪክ ካፒ የሚባለው ማጥቀሻም ያለሱ አይሆንም። የተብላላ የሽሪምፕ ድልህ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ይኸው ቃሪያ አንድ ላይ በሙቀጫ ይወቀጣሉ፤ በአትክልትና በተጠበሰ ዓሣ ይበላል። ችግሩ ለቀማው ነው። ትንሽ ስለሆነ አንድ ኪሎ ለመሙላት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወደዳል።

ገበያውን የሞላው ግን ፕሪክ ጂንዳ ነው። ከሱዋን ረዘምና ወፈር ይላል፤ ቆዳው ያብረቀርቃል፤ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። ለለቀማ፣ ለጭነትና ለማድረቅ ይመቻል። ፓኬት ውስጥ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ እሱን የመሰለ ነው። ሽታው የሱዋንን ያህል አይደለም፤ እሳቱ ግን አያንስም። ሶም ታም የሚባለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ ሻጯ «ስንት ፍሬ በርበሬ ልጨምር?» ብላ ትጠይቃለች። የታይላንድ ሰው ቅመሙን የሚለካው በማንኪያ ሳይሆን በዛላ ቁጥር ነው።

ፕሪክ ካሪያንግ የካረን ሕዝብ በምያንማር ድንበር ባሉት ተራሮች ላይ የሚያለማው በርበሬ ነው። ትንሽና ጠምዘዝ ያለ ነው፤ መዓዛው ከሩቅ ይጠራል። ደርቆ ሲፈጭ ይበልጥ ይወደዳል። ከሱዋን ጋር ማን ይበልጣል በሚለው ላይ ሰው ይከራከራል። ካሪያንግ ይበልጣል የሚሉት ጥቂት አይደሉም፤ ነገር ግን የተራራና የቆላ ምርት ማወዳደር ሚዛኑን ያዛባዋል።

ፕሪክ ቺ ፋ የጣት ርዝመትና ውፍረት አለው። የስሙ ትርጉም «ወደ ሰማይ የሚያመለክት» ነው። ከትንንሾቹ ጋር ሲነጻጸር ለስላሳ ነው። ተከትፎ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፈዘፍና የፓስታ ሾርባ በሚሸጥባቸው ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ከስኳሩ፣ ከዓሣ ስጎውና ከበርበሬ ዱቄቱ ጎን ይቀመጣል። ባንግ ቻንግ የሚባለው የሳሙት ሶንግክራም አውራጃ ትልቅ በርበሬ ደግሞ ደርቆ ለታይላንዶች ቀይ ወጥ ቅመም ይሆናል፤ ዋና ሥራው ቀለምና መዓዛ መስጠት ነው። በሰሜን ቺያንግ ማይ ፕሪክ ኑም የሚባለው ረጅም አረንጓዴ ቃሪያ ይጠበሳል፤ ይላጣል፤ ከሽንኩርት ጋር ይወቀጣል። ፕሪክ ዩዋክ ፈዘዝ ያለ ትልቅ ቃሪያ ነው፤ ሥጋ ተሞልቶ ይበላል።

ባጠቃላይ ዛላው ባነሰ ቁጥር እሳቱ ይጨምራል። ቀለሙ ግን አያሳስት፤ አረንጓዴውና ቀዩ ያው አንድ በርበሬ ነው፣ ያልበሰለና የበሰለ።

በሳይንሳዊ ስማቸው ላይ መጻሕፍቱ አይስማሙም። ጂንዳና ቺ ፋ ካፕሲከም አኑም ናቸው። ኪ ኑን ግን የቆዩ ጽሑፎች በጅምላ ካፕሲከም ፍሩቴሰንስ ይሉታል፤ ምናልባት ለአንዳንዶቹ ብቻ ይሠራል። በዓይን ለመለየት አበባውን ማየት ይጠቅማል። የአኑም አበባ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ነው፤ ከአንድ አንጓ አንድ ብቻ ይወጣል። የፍሩቴሰንስ ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ሁለትና ከዚያ በላይም ሊሆን ይችላል። የበሰለው የፍሩቴሰንስ ዛላ ሲጎተት ቆቡን ተክሉ ላይ ትቶ በቀላሉ ይላቀቃል።

የኛ ሚጥሚጣም ከነዚህ ትንንሽ በርበሬዎች ጋር ዘመድ ነው። ሚጥሚጣ ለምዶ ያደገ ሰው በሱዋን እሳት አይደነግጥም፤ የሚያስገርመው መዓዛው ነው።

ልኬቱ

በ1912 ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ ዲትሮይት በሚገኘው የፓርክ ዴቪስ ኩባንያ ውስጥ የመለኪያ ዘዴ አወጣ። ኩባንያው በርበሬን ለቆዳ መድኃኒት ይጠቀምበት ነበር። ስኮቪል የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውሃ ደጋግሞ አቀጠነ፤ ቀማሾች ምንም እስከማይሰማቸው ድረስ። የቀጠነበት መጠን ቁጥር ሆኖ ተመዘገበ። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር፣ ንጹሕ ካፕሳይሲን፣ በዚህ ሚዛን 16,000,000 ነው። ዘዴው ትልቅ ሥራ ነበር፤ ጉድለቱ ምላስ መድከሙ ነው። ዛሬ ላቦራቶሪ ካፕሳይሲኑን በቀጥታ በመሣሪያ ይለካና ውጤቱን ወደ ስኮቪል ቁጥር ይቀይረዋል።

ለታይላንድ ትንንሽ በርበሬዎች በብዛት የሚጠቀሰው ከ50,000 እስከ 100,000 ነው። የሜክሲኮው ሃላፔኞ ከ2,500 እስከ 8,000፣ ሃባኔሮ ከ100,000 እስከ 350,000 ይባላል። በ2023 በጊነስ የተመዘገበው ፔፐር ኤክስ 2,693,000 ደርሷል። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ አንድ ነገር ልብ እንበል። ልኬቱ የሚሠራው በደረቅ ክብደት ነው፤ ትኩስ ቃሪያ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። አንድ ዝርያም ቢሆን በአፈሩ፣ በሙቀቱና በውሃ እጥረቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ግምት መውሰድ ይሻላል።

በሰሜን ምሥራቅ ታይላንድ ሰፊ ሜዳ፣ በኢሳን፣ የኮን ካን ዩኒቨርሲቲ በርበሬን ማዳቀልን ትልቅ ሥራው አድርጎ ይዟል። አካኒ ፒሮት የተባለው ኃይለኛ ዝርያ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ፍሬ ነው፤ ሊኮራበት ይገባል።

ወጥ ቤት ውስጥ

ካፕሳይሲን የሚመነጨው ፍሬውን ከያዘው ነጭ ሥጋ ነው። ፍሬው ራሱ አያቃጥልም፤ ከነጩ ሥጋ ስለሚነካካ ነው እንጂ። ምላስ ላይ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ተቀባይ ይቀሰቅሳል፤ ሰውነት በእሳት የተነካ ይመስለዋል። ይህን ተቀባይ ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ወፎች ይህ ስሜት የላቸውም፤ በርበሬውን በልተው ፍሬውን ይበትናሉ።

የማያውቁትን ዛላ ሲቀምሱ ከጫፉ ይጀምሩ። ጫፉ ላይ ነጩ ሥጋ ጥቂት ስለሆነ ያስታግሣል፤ ወደ ቆቡ ሲጠጉ ይበረታል። ሲቃጠሉ ውሃ አይረዳም፤ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም። ወተት ወይም እርጎ ይሻላል። ታይላንዶች ደግሞ ባዶውን ሩዝ ጎረስ ያደርጋሉ።