«ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ እንቀንስ» እና ሌሎች የሠርግ ወጪ ስህተቶች

«ወጪው እንዳይበዛ ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ እንቀንስ።» ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ድሬዳዋ ላይ ሠርግ ያሰበ ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንን ነው። እባካችሁ ይብቃ! አበባው ረከስ ይላል፣ ኬኩ አንድ ደርብ ያንሳል፣ የሚበላው ሰው ግን ያው 400 ነው።

ወጪውን የሚወስነው የሰው ቁጥር ነው። አንድ ዶሮ 12 ብልት አለው። ለ400 ሰው አንድ አንድ ብልት ለማድረስ 34 ዶሮ ይታረዳል፤ 180 ሰው ብቻ ለጠራ ቤት 15 ይበቃል። ለአንድ ዶሮ አንድ ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ቢያዝ አንደኛው ቤት 51 ኪሎ፣ ሌላኛው 22 ኪሎ ተኩል ይልጣል። ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ እንጀራው፣ ወንበሩ፣ የአዳራሹ ስፋት ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይከተላል።

ቁጥሩ የሚያመልጠው ደግሞ በጥሪ ወረቀቱ ነው። «ከነቤተሰብዎ» ተብሎ የታተመ 100 ካርድ፣ በየቤቱ አራት ሰው ቢመጣ 400 ሰው ነው። ካርድ አትቁጠሩ፤ ሰው ቁጠሩ፣ የተጠራውንም በስሙ ጥሩ።

ከዚያ በፊት ግን ተጋቢዎቹ፣ ሽማግሌም ሚዜም ሳይጨመር፣ ለየብቻ ወረቀት ይያዙ። እያንዳንዳቸው ቢቀር የሚቆጫቸውን ሦስት ነገር ይጻፉ። ለአንዱ ተክሊል ነው፣ ለሌላው ኒካውና ወሊማው፣ ለሌላው ወላጆቹን ከፊት አስቀምጦ ማብላት። በሁለቱም ወረቀት ላይ የተገኘው ሙሉ ገንዘብ ይመደብለት። በአንዱ ብቻ ያለው ይመከርበት። በሁለቱም ላይ የሌለው፣ ሊሞዚንም ይሁን ርችት፣ ጭራሽ ይቅር። ግማሽ ርችት የሚያስደስተው ሰው የለም። «ሰው ምን ይለናል» የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በደንብ የተስተናገደ 180 ሰው ቆሞ ሳህን ከሚጠብቅ 400 ሰው ይልቅ መርቆ ይሄዳል።

«ስጦታው ወጪውን ይመልሳል።» አይመልስም። አዳራሹም ዲኮሩም ቀብድ የሚጠይቁት ከወራት በፊት ነው፣ ፖስታው የሚከፈተው ከሠርጉ በኋላ። በዚያ ላይ «ብድር መላሽ ያድርገን» ብላችሁ የተቀበላችሁት በሰጪዎቹ ሠርግ የሚመለስ ነው።

«ወርቅ እንደ ቁጠባ ነው።» በከፊል። 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ ነው። ለአንጥረኛው የተከፈለው የእጅ ዋጋ ግን ሲሸጥ አይመለስም፤ ፈርጡም ከሚዛን ይቀነሳል። ለቀለበት፣ ሥራ ያልበዛበት ልሙጥ ይሻላል።

«የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ግማሽ ጋብቻ ነው።» ስህተት። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ጋብቻን በሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸሙትን እኩል ያያል። ለክብር መዝገብ ሹሙ ከአንድ ወር በፊት ማስታወቅ፣ በየወገኑም ሁለት ሁለት ምስክር ይዞ መቅረብ ነው።

«እድር ለሐዘን ብቻ ነው።» ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ትልልቁን ድስት ከመከራየታችሁ በፊት የእድራችሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ጠይቁ። ሐረር ውስጥ አፎቻ ከድሮም ለሐዘኑም ለሠርጉም የሚቆም ማኅበር ነው። ስለ ሐረር ካነሳን ዲኮሩንም እንይ፦ የሐረሪ ቤት ግድግዳ የሚደምቀው በሣር ስፌት ነው። የእናትና የአያት ስፌት ተሰቅሎ ሳለ ለአንድ ቀን የፕላስቲክ አበባ መከራየት ለምን?

«ጥር ካልሆነ አይሆንም።» ከጥምቀት በኋላ ያሉትን እሁዶች ሁሉም ስለሚሻማባቸው ዋጋው ይወጣል። ጥቅምትን ጠይቁ።

«ቢተርፍ ለመልስ ይሆናል።» ግንቦት ላይ ድሬዳዋ? ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የበሰለ ምግብ ውጭ መቆየት ያለበት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ወጡን በአንዴ ከማቅረብ በሦስት ዙር አውጡ፤ ቀሪው እሳት ላይ እንደጋለ ይቆይ። የተረፈው በትልቁ ድስት ውስጥ ቶሎ ስለማይበርድ መሐሉ ይበላሻል። ከሦስት ጣት ባልበለጠ ጥልቀት በሰፋፊ ትሪ ከፋፍላችሁ ወደ ፍሪጅ አስገቡት።