ኦፍስክሪን ምንድን ነው? ትሪለር ሲጀምር የማናየው ነገር ለምን እንደሚይዘን

ኦፍስክሪን የሚባለው ከፍሬም ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ነው። ካሜራው ከአለም ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቆርጦ ያሳየናል፣ ከዛ አራት ማዕዘን ውጭ ያለው ግን አልጠፋም፣ ድምጽ ከዛ ይመጣል፣ ጥላ ከዛ ይገባል፣ ተዋናይ ዞር ብሎ ወደዛ ያያል፣ እኛም እዛ ማን አለ እያልን እንጠብቃለን። ኖኤል በርች የሚባል የፊልም ቲዎሪ ጸሐፊ ይሄን ቦታ ስድስት ላይ ከፍሎታል፦ የፍሬሙ ግራ፣ ቀኝ፣ ላይና ታች፣ ከዛ ከበር ወይ ከግድግዳ ጀርባ ያለው፣ መጨረሻ ደሞ ከካሜራው ከራሱ ኋላ ያለው። ለትሪለር፣ ማለትም ውጥረት ለሞላበት የወንጀል ወይ የፍርሃት ፊልም፣ የኋለኞቹ ሁለቱ በጣም ያገለግላሉ ብዬ አስባለሁ፣ ምክንያቱም ከበር ጀርባ ያለውን ለማየት በሩ መከፈት አለበት፣ ከካሜራው ኋላ ያለው ደሞ አንዳንዴ ገዳዩ ራሱ ሊሆን ይችላል፣ በሱ አይን እያየን ማለት ነው።

ብዙ ሰው ሚስጥር የሚፈጠረው በጨለማና በሚያስፈራ ሙዚቃ ይመስለዋል። ጨለማ ይረዳል፣ አልክድም። ግን የት እንዳለን፣ ማንን እያየን እንደሆነ፣ ሰአቱ ስንት እንደሆነ ምንም ካላወቅን እኮ ግራ ይገባናል እንጂ አንጓጓም፣ ግራ መጋባትና መጓጓት ደሞ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ የትሪለር መክፈቻ ሁሉንም ነገር ቁልጭ አድርጎ አሳይቶ አንዷን ነገር ብቻ ይደብቃል፣ የምትደበቀዋ ነገር ደሞ ዝም ብላ የተመረጠች ሳትሆን ተመልካቹ ከምንም በላይ ማየት የሚፈልጋት መሆን አለባት።

ለዚህ እስካሁን የሚስተካከለው ያላገኘሁለት ምሳሌ በፈረንጆቹ 1931 ጀርመን ውስጥ የወጣው የፍሪትዝ ላንግ «ኤም» ነው። ላንግ ከዛ በፊት የሰራቸው ፊልሞች ድምጽ አልባ ነበሩ፣ ይሄ የመጀመሪያው ባለድምጽ ፊልሙ ነው፣ እና ሰውየው ድምጽን ሲያገኝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ከፍሬም ውጭ ያለውን አለም በድምጽ መሙላት ነው። ፊልሙ የሚጀምረው ምንም ሳናይ ነው፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው፣ የአንዲት ልጅ ድምጽ ብቻ ይሰማል፣ ጥቁሩ ሰውዬ በመጥረቢያው ይመጣል የሚል የልጆች መቁጠሪያ ግጥም እያለች። ከዛ ከላይ ሆነን ግቢ ውስጥ ክብ ሰርተው የሚጫወቱ ልጆች እናያለን። አንዲት ሴት ተቆጥታ ይሄን ዘፈን አቁሙ ትላቸዋለች፣ እሷ ዞር ስትል ልጅቷ ትቀጥላለች፣ አሁንም ድምጿ ብቻ ነው የሚሰማን። ፎቅ ላይ ልብስ የምታጥበው እናት ደሞ ሲዘፍኑ እስከሰማን ድረስ ቢያንስ እዛው እንዳሉ እናውቃለን የሚል ነገር ትናገራለች። ይሄ አንድ አረፍተ ነገር የሲኑን (የትዕይንቱን) ህግ አስቀመጠልን፣ ከዚህ በኋላ ድምጽ ማለት ልጅ በህይወት አለች ማለት ነው፣ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሳይነግረን ገባን።

እኩለ ቀን ላይ የግድግዳው ሰአት ይደውላል፣ እናቷ ምሳ ታዘጋጃለች፣ ትንሿ ኤልሲ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች ነው። ኳሷን እያነጠረች ትሄድና ማስታወቂያ የተለጠፈበት አምድ ጋ ትቆማለች። ማስታወቂያው ገዳዩን ለጠቆመ 10,000 ማርክ ሽልማት ይላል። ኳሷን እዛው ማስታወቂያ ላይ ትወረውራለች፣ ትቀልባለች፣ ከዛ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፣ እንዴት የሚያምር ኳስ ነው ያለሽ የሚል ለስላሳ ድምጽ ይሰማል። ሰውየው ያለው ካሜራው ጋ ነው፣ ፊቱን አናይም። ጥላው ግን ማን ነው ገዳዩ ብሎ በሚጠይቀው ወረቀት ላይ ነው ያረፈው፣ ማለትም መልሱ ጥያቄው ላይ ቆሟል፣ እኛ ግን ያለን የባርኔጣ ቅርጽ ብቻ ነው። ብርሃኑ ቀን ነው እኮ፣ መንገድ ነው፣ ሁሉ ነገር ግልጽ ነው፣ የጎደለን ፊት ብቻ ነው።

ከዛ ሰውየው ለኤልሲ ከአይነ ስውር ሻጭ ፊኛ ይገዛላታል፣ እያፏጨ፣ ዜማው የሙዚቃ ደራሲው የግሪግ ነው። ይሄ ፊልም ጀርባ ላይ የሚሄድ የተለመደ ማጀቢያ ሙዚቃ የለውም፣ ስለዚህ ፉጨቱ ጆሮ ላይ ይቀራል፣ እና ፊልሙን ያላያችሁ ቀጣዩን አረፍተ ነገር ዝለሉት። ኋላ ላይ ሰውየውን የሚለየው ያው አይነ ስውር ሻጭ ነው፣ በፉጨቱ።

ግድያውን አናይም። እናትየው ኤልሲ ብላ ትጣራለች፣ ድምጿ እየቀጠለ ምስሉ ይቀያየራል፣ ባዶው ደረጃ፣ ልብስ የተሰጣበት ባዶው ጣሪያ ስር፣ ያልተነካው ሳህን፣ ከቁጥቋጦ ስር ተንከባሎ የሚወጣው ኳስ፣ የስልክ ሽቦ ላይ የተያዘው ፊኛ። በያንዳንዱ ሾት (ሳይቆረጥ በሚሄድ አንድ ምስል) ውስጥ ልጅቷ የለችም፣ ላንግ አንድ ጠብታ ደም ሳያሳይ የሆነውን ሁሉ እኛው ራሳችን እንድንሞላው አደረገን። ይሄን ሲን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይገለበጣል፣ ደም የሚረጭባቸው ፊልሞች ላይ ግን እንደዛ አልሆንም።

ኦፍስክሪንን በግድ የተጠቀሙም አሉ። በ1975ቱ «ጆውስ» ስቲቨን ስፒልበርግ ያሰራው የሜካኒካል ሻርክ ባህር ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረው ሻርኩን ብዙ ቦታ ደብቆታል፣ መክፈቻው ላይ የምናየው ውሃው ላይ የምትጎተተዋን ልጅ ብቻ ነው፣ የሚጎትታት ከፍሬሙ ታች ነው። ውጤቱ ግሩም ነው።

አንድ ነገር ደሞ መለየት አለበት፣ ልብ አንጠልጣይነትና ሚስጥር አንድ አይደሉም። ልብ የሚንጠለጠለው እኛ የምናውቀውን ባለታሪኩ ሳያውቅ ሲቀር ነው፣ ሚስጥር ደሞ እኛም የማናውቀው ነው። የኦርሰን ዌልስ «ተች ኦፍ ኢቭል» 1958 ላይ ሁለቱንም ባንድ ሾት ይዞ ጀመረ። እጆች ቦንብ ላይ ሰአት ይሞላሉ፣ ሰውየው ሮጦ የመኪና የኋላ እቃ መጫኛ ውስጥ ይከተዋል፣ ማን እንደሆነ ግን አናውቅም፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጥተው መኪናዋን ይነዷታል፣ ካሜራው ክሬን ላይ ሆኖ ከሶስት ደቂቃ በላይ ሳይቆረጥ የድንበር ከተማዋን እያቋረጠ ይከተላል። መንገድ ላይ አዲስ ተጋቢዎች በእግር ይሄዳሉ፣ መኪናዋ ትቀድማቸዋለች፣ ከፍሬም ትወጣለች፣ ተመልሳ ትመጣለች፣ በወጣች ቁጥር አይናችን ይፈልጋታል። ኬላው ላይ ሴትየዋ ጭንቅላቴ ውስጥ ቲክ ቲክ የሚል ድምጽ አለ ትላለች፣ የሚሰማት የለም። ፍንዳታው ራሱ ሲመጣ እኛ እያየን ያለነው ሙሽሮቹ ሲሳሳሙ ነው፣ መጀመሪያ የምንሰማው ድምጹን ነው፣ የምትነደው መኪና የምትታየው ሾቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ያኔ ስቱዲዮው ይሄ ሾት ላይ የተዋናዮቹን ስም ለጠፈበት፣ ከላይ የሄንሪ ማንቺኒን ሙዚቃ ጫነበት። ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ ግን ከፍሬም ውጭ የነበረውን አለም ሸፈነው። ዌልስ ስለ ፊልሙ ኤዲቲንግ 58 ገጽ ማስታወሻ ጽፎ ነበር፣ በ1998 ኤዲተሩ ዋልተር መርች ያንን ተከትሎ እንደገና ሲያስተካክለው ስሞቹን አነሳ፣ በማጀቢያው ፈንታም ከየጭፈራ ቤቱ በርና ከመኪናዋ ሬዲዮ የሚወጣውን ሙዚቃ አስገባ። አሁን መኪናዋ ባትታይም ትሰማለች፣ ሬዲዮዋ ሲቀርብ ቦንቡ ቀረበ ማለት ነው፣ ሲርቅ ትንሽ እንተነፍሳለን። አጭር ፊልም የምትሰሩ ልጆች ካላችሁ መክፈቻችሁ ላይ ሙዚቃ ከመጫናችሁ በፊት ሁለቱን ቅጂዎች በጆሮ ማዳመጫ አስተያዩዋቸው፣ በተለይ መኪናዋ ከፍሬም የምትወጣባቸውን ቦታዎች።