«ደሴ ደግሞ ምን አለ?» ለሚሉን

ገና ወገግ ሳይል ደሴ መነኸሪያ የቆመ ሰው ይህን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ላሊበላ የሚያልፍ ነው። ማታ ደርሶ፣ ራቱን በልቶ፣ በብርዱ ተማሮ ይተኛል፤ በሌሊት ይነሳል። እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ነኝና ጥያቄው ያመኛል። ከጥያቄው በላይ የሚያመኝ ግን የእኛው መልስ ነው፤ «ምንም የለ፣ ላሊበላ ሂዱ» ብለን ራሳችን እንሸኛቸዋለን። ስለ ከተማችንና ስለ ዙሪያዋ ተራሮች እንግዳውም እኛም የምንደጋግማቸውን የተሳሳቱ ነገሮች አንድ በአንድ ልያቸው።

«ደሴ ጣልያን የሠራት የማደሪያ ከተማ ናት»

ጣልያን መንገድ ሠርቷል፣ ፒያሳ አካባቢም ቤቶች ትቶ ሄዷል። ከተማዋ ግን ከእሱ ትቀድማለች። እንደሚነገረው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1875 ዓ.ም. እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ቦታውን «ደሴ»፣ ማለትም «ደስታዬ» አሉት። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አደረጓት። የግብር አዳራሻቸው አይጠየፍ ዛሬም ቆሟል። ስሙን ልብ በሉት፤ መኳንንቱም ድሃውም ሳይለይ የሚበላበት፣ ማንንም የማይጠየፍ አዳራሽ ማለት ነው። ስለ ወሎ ሰው ከዚህ የበለጠ የሚናገር ሕንጻ አላውቅም።

ጣልያንማ መጀመሪያ ወደ ደሴ የመጣው በቦምብ ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ነበሩ፤ በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ የዚያን ቀን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር ኮምቦልቻ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ተሸንፎ ደሴን ለቀቀ። ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣ መንገደኛ ሁሉ በዚያ የጦር ሜዳ መሃል ነው የሚያልፈው፤ የሚነግረው ግን የለም።

የደሴ ሙዚየም የሚገኘው በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ ብዙ ነገር አጥቷል። ያም ሆኖ ቤቱ ራሱ ቅርስ ነው፤ ሄዳችሁ እዩት።

«ወሎ ማለት ድርቅ ማለት ነው»

ይህኛው ከሁሉም የከፋ ነው፤ ምክንያቱም እውነት ካለበት ቁስል ላይ የበቀለ ነው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ የወሎን ስም በዓለም ፊት ከአጥንት ጋር አጣበቀው። የሞቱት ዘመዶቻችን ናቸው፤ ማንም አያስተባብልም። ግን የአንድ ዘመን መከራ የአንድ አገር መልክ አይደለም።

ደሴ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በልግና ክረምት። ደጋው ላይ ብዙ ገበሬ በበልግ ስለሚያመርት፣ በልግ ሲቀር ከባድ ችግር ይመጣል። የድርቁ ታሪክ አንዱ ምስጢር ይኸው ነው እንጂ መሬቱ ከጥንት ደረቅ ሆኖ አይደለም።

ውሃውን ካላመናችሁ ቦርከናን ተከተሉት። ከደሴ በላይ ካለው ደጋ ይነሳል፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል ተራሮች መሃል ደሴን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። እናንተም 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ አብራችሁት ስትወርዱ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ወደ 1,850 ትደርሳላችሁ፤ ደሴ ላይ የደረባችሁትን ጋቢ ኮምቦልቻ ላይ ታወልቁታላችሁ። ወንዙ ከዚያ ወደ ጨፋ ረግረግ ይገባል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ የሚሰበሰበው፣ ወፉም የሚሰፍረው እዚያ ነው። በመጨረሻም አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። የደሴ ዝናብ ከኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ ይቆማል ማለት ነው። አንድ ተማሪ በዚህ ወንዝ ብቻ የአገሩን ጂኦግራፊ ሊማር ይችላል። እኛ ግን ቆሻሻችንን እንደፋበታለን። «ወንዝ ያጠራል» የሚለው አባባልም ከተሳሳቱት አንዱ ነው፤ ቦርከና አያጠራውም፣ ተሸክሞት ወደ ታች ሰው ይሄዳል።

«ተራራው አረንጓዴ ስለሆነ ደኑ ደህና ነው»

ከደሴ ቀና ብሎ ለሚያይ ዙሪያው አረንጓዴ ነው። አብዛኛው ግን ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን አልረግመውም፤ ለማገዶም፣ ለቤት መሥሪያም፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያም የሆነው እሱ ነው። ነገር ግን ከሥሩ ብዙ ነገር አይበቅልም። ደን ማለት ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው፣ ከሥራቸውም ቁጥቋጦውና ሐረጉ አንድ ላይ ሲኖሩ ነው። ልዩነቱን በዓይናችሁ ለማየት ከፈለጋችሁ ከኮምቦልቻ በላይ ወዳለው የጎፍ ተራራ ውጡ። የተተከለውም፣ ከጥንቱ የቀረው ጥድም እዚያ ጎን ለጎን አለ። ከባሕር ዛፉ ወደ ጥዱ ስትሻገሩ የወፉ ድምፅ ይለወጣል።

ተራራ አንዴ ከተራቆተ አይድንም የሚሉም አሉ። ከአያቴ ቤት ጀርባ በልጅነቴ ድንጋይ ብቻ የሚታይበት ጎን ነበር። እርከን ተሠራበት፣ ከከብት ተከለለ፣ ሣሩ መጀመሪያ መጣ፣ ከዚያ ቁጥቋጦው። አሁን ሴቶቹ ሣር የሚያጭዱበት በተራ ነው። ለጎብኚ የማሳየው አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል ከአዳራሹም ይልቅ ያንን ጎን ሳልመርጥ አልቀርም።

«ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ሰሜን ተራሮች መሄድ ግድ ነው»

ግድ አይደለም። ደቡብ ወሎ ውስጥ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አለ፤ ሁለቱም እዚያ ይገኛሉ። ከደሴ ሩቅ መሆኑን አልደብቅም። በነገራችን ላይ ቀይ ቀበሮ ስሙ ቀበሮ ይሁን እንጂ በዘሩ ወደ ተኩላ የሚቀርብ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂዎቹ 500 እንኳ አይሞሉም።

«ቅርስ ማለት ገዳም ነው»

ገዳሙ አለ፤ እንዴታ! ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ይነገራል። በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ የአራቱ ወንጌላት ብራና የዚሁ ገዳም ነው። ብዙ ሰው ገዳሙ በደሴት ላይ ይመስለዋል፤ ድሮ ነበር፣ ውሃው ሲጎድል ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። ወደ ገዳሙ የሚገቡት ወንዶች ብቻ መሆናቸውንም አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሐይቁ ራሱም ትንሽ መስሎ ያታልላል። ጣና ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን የእኛው ሐይቅ 88 ሜትር ይደርሳል። በላይ በኩል የሚታይ መውጫ የለውም፣ ውሃው ግን ጨው አልሆነም። ዳር ላይ ተጠብሶ የሚበላው ቆሮሶ ዓሣ ደግሞ ከጥንት የነበረ ሳይሆን በ1970ዎቹ መጀመሪያ አምጥተው የለቀቁት ነው።

ግን ከዚያ ማዶ ያለውን ለምን እንረሳለን? አልቡኮ ውስጥ ጀማ ንጉሥ አለ፤ መውሊድ ሲደርስ ከየአገሩ ሰው የሚጎርፍበት። ቃሉ ወረዳ ውስጥ ደግሞ ጌታ የሚባል ቦታ አለ። እነዚህ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ተማሪ፣ ከሩቅ እየመጣ ኪታብ የቀራባቸው የትምህርት ቤቶች ናቸው። ሼኾቹ መንዙማውን፣ ማለትም መንፈሳዊ ግጥሙን፣ በአማርኛ እየገጠሙ በዐረብኛ ፊደል ጽፈውታል፤ ዓጀሚ የሚባለው ነው። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይህን ካላካተተ ጎደሎ ነው። አንዱ ወንድም ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን በሆነበት ቤት ያደግን እኛ ለእንግዳ ግማሹን ብቻ ማሳየት የለብንም። ከደሴ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ የ1870ው የሃይማኖት ጉባኤ የተደረገበት ነው፤ የሁለቱም ወገን ታሪክ፣ ከነሕመሙ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ይገናኛል።

መቅደላ ጎንደር ነው የሚሉትን በአጭሩ ላርማቸው፤ ደቡብ ወሎ ነው። 7 ቶን የሚጠጋው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እዚያው አምባው ላይ ነው፤ አዲስ አበባ የምታዩት አምሳያው ነው።

«ባለ ኮከብ ሆቴል ሳይሠራ ቱሪዝም የለም»

ይህን የሚሉት ክፉ አስበው አይደለም። ግን ሰሜን ወሎ፣ መቄት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረውን ተመልከቱ። ገበሬዎቹ ገደል አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠሩ። እንግዳው ከመንደር መንደር በእግሩ ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይሸከማል፣ የሚበላው እዚያው የተጋገረ እንጀራ ነው፤ ገንዘቡም ወደ ማኅበረሰቡ ይገባል። ደሴ ዙሪያ ይህን ለማድረግ የሚጎድለን ተራራ አይደለም። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ፣ አስፋልቱ አለ። የሚጎድለው የእግር መንገዱን የሚያመለክት ሰሌዳ፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ ታሪኩን አስተካክሎ የሚነግር የሠለጠነ ወጣት ነው። እነዚህ ሦስቱ ከአንድ ሆቴል ዋጋ በጣም ያንሳሉ።

«ጊዜ የለንም» ለሚሉት ደግሞ አንድ ቀን ብቻ ጨምሩ እላለሁ። በማለዳ ሐይቅ ሂዱ፣ ጭጋጉ ከውሃው ላይ ሳይነሳ። ስትመለሱ ቦሩ ሜዳ ላይ ቁሙ። ከሰዓት በኋላ አይጠየፍን አይታችሁ፣ ሲመሽ ጦሳ ላይ ውጡና ከተማው መብራት ሲያበራ ከላይ እዩት። ቀኑ እሑድ ከሆነ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ እደሩ፤ በማግስቱ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፣ አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላ፣ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ ከላይ ይመጣል።