ራፑን የገደለው ሬዲዮ ነው? ስለ አሜሪካ ጣቢያዎች የሚባለውና እውነታው

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሂፕ ሆፕን ከኒው ዮርክ አውጥተው ያሰራጩት ግዙፍ ጣቢያዎች ናቸው»

አይደሉም። ሂፕ ሆፕን ከጠዋት እስከ ማታ በማጫወት ፈር የቀደደው የሎስ አንጀለሱ ሬዲዮ ጣቢያ ኬዴይ ነው፤ ያውም ጥራቱ ዝቅ ባለው የኤ.ኤም. ሞገድ። ግሬግ ማክ በ1983 የሙዚቃ ኃላፊ ሆኖ ከሂውስተን ሲመጣ፣ የከተማዋ ልጆች ቀላቅለው የሚያመጡትን ሙዚቃ አየር ላይ አዋለ፤ በኋላ ታዋቂ ራፐርና የሙዚቃ አቀናባሪ የሆነው ዶክተር ድሬም ከእነርሱ አንዱ ነበር። በሂውስተን በኩል ደግሞ የቴክሳስ ሳውዘርን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ «ኪድዝ ጃም» በሚለው ዝግጅቱ ለራፕ በር ከፍቷል። ኬዴይ በ1991 ተሸጦ ስለ ንግድ የሚወራበት ጣቢያ ሆነ።

«የ1996ቱ ሕግ የየከተማውን ራፕ ገደለው»

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ከመውጣቱ በፊት አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ የሬዲዮ ጣቢያ መያዝ አይችልም ነበር። ሕጉ ይህን ገደብ ሲያነሳ ክሊር ቻናል የተባለው ኩባንያ ብቻውን ከ1,200 በላይ ጣቢያዎች ሰበሰበ። ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን የኒው ኦርሊንሶቹ የራፕ አሳታሚዎች ኖ ሊሚት እና ካሽ መኒ አገር ያዳረሱት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ራፐሮቹ እነ ማይክ ጆንስ እና ፖል ዎል ሂውስተንን ያነገሡትም በ2005 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ ደቡብ ሬዲዮን ደጅ ሳይጠና ገበያውን በካሴት ገንብቷል። በ2000 የሞተው የሂውስተኑ ዲጄ ስክሩ ዘፈኖችን አዘግይቶ የቀዳባቸውን ካሴቶች ከቤቱ ይሸጥ ነበር።

የተጎዳው ሬዲዮን ተማምኖ የኖረው ነው። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ኬሜል እና ኬዋይኤልዲ የተባሉ ጣቢያዎች ሲፎካከሩ ኖረው በአንድ ባለቤት ሥር ወደቁ። አንደኛው ጣቢያ ፊት የነሳው ዘፋኝ ወደ ሌላኛው መሄዱ ትርጉም አጣ። በ2001 ኬሜል ታዋቂውን አቅራቢ ዴቪ ዲ ሲያሰናብት የአካባቢው አድማጮች ተቃውሞ ማሰማታቸውም፣ በእኔ እይታ፣ የአንድ ሰው እንጀራ ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

«የሚጫወተው አድማጭ የመረጠው ነው»

ምርጫው እንዴት እንደሚሰበሰብ ማየት ነው። ጣቢያዎች የዘፈኑን ጥቂት ሰከንዶች በስልክ አሰምተው «ወደዱት?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በዚህ መንገድ የሚያሸንፈው ቀድሞ የተለመደው ዘፈን ነው፤ ከከተማው ያልወጣ አዲስ ራፐር ገና ከመነሻው ተሸናፊ ነው። ገንዘብም አለ፦ ለማጫወት በስውር መክፈል ከ1960 ጀምሮ የተከለከለ ቢሆንም፣ የሙዚቃ አሳታሚው ሶኒ ቢኤምጂ የኒው ዮርክ ዐቃቤ ሕግ በዚሁ ጉዳይ ምርመራ ስላካሄደበት በ2005 አሥር ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

«አቅራቢው ዘፈን ከማስተዋወቅ ያለፈ ሚና የለውም»

ራፐሩ ሉዳክሪስ ከመታወቁ በፊት በአትላንታ ሬዲዮ አቅራቢ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሙንም በራሱ አሳተመ። በኋላ ግን አንድ አቅራቢ ድምፁን ቀድቶ ለብዙ ከተሞች መላክ ጀመረ። የሜምፊስ ልጅ ካሴቱን ይዞ ጣቢያው ድረስ ቢሄድ፣ በሬዲዮ የሚሰማው ሰው ሌላ ከተማ ነው ያለው።