ፎር ዊልና ቱ ዊል ፒክአፕ፦ ምቾቱ ከየት ይመጣል?

ፒክአፕ ሊገዛ ያሰበ ሰው ምክር አያጣም። አንዱ «ፎር ዊል ያንገጫግጫል፣ ለከተማ ቱ ዊሉን ውሰድ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ ፎር ዊል ከባድ ስለሆነ መንገድ ይይዛል፣ ረጅም ጉዞ ላይ አያደክምም ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም የሚናገሩት ከነዱት መኪና ተነስተው ነው። እኔ ግን ሞተሩ ስንት ጎማ እንደሚነዳ ከመጠየቅ በፊት ከሥር ጎንበስ ብሎ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ተሳፋሪውን የሚያንገጫግጨውም የሚያስተኛውም እዚያ ነው ያለው።

ቱ ዊል በሚባለው ፒክአፕ ላይ ሞተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። አራቱንም ጎማ መንዳት የሚችለው ፎር ዊል ላይ ከካምቢዮው (ከዋናው የማርሽ ሳጥን) ቀጥሎ ኃይሉን ወደ ፊትም የሚያካፍል ትራንስፈር የሚባል ሌላ የማርሽ ሳጥን ይጨመራል። የፊት ዲፈረንሻል (ግራና ቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ስብስብ) እና ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄዱ ዘንጎችም አብረው ይመጣሉ። ይህ ሁሉ ብረት ሲደመር በግምት መቶ ኪሎ ይሆናል። ክብደቱ ብቻውን ብዙ አይጎዳም። ጥያቄው የት ተንጠለጠለ ነው።

ለዚህ ከቶዮታ ሃይሉክስ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሲወጣ ቱ ዊል ብቻ ነበር። ፎር ዊሉ የመጣው በ1979 ነው። ሁለቱ ከላይ ሲታዩ ቢመሳሰሉም ከሥር በጣም ይለያዩ ነበር። የቱ ዊሉ የፊት ጎማዎች ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ግራው ጉድጓድ ቢገባ ቀኙ ባለበት ይቆያል። የፎር ዊሉ የፊት ጎማዎች ግን ከግራ ቀኝ በተዘረጋ በአንድ ወጥ አክስል የተያያዙ ናቸው፣ የተሸከማቸውም ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ነው። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ በሙሉ ያዘነብላል። መሪው እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢናው ግራና ቀኝ ይናጣል። ዲፈረንሻሉም አክስሉ ውስጥ ስለሆነ ያ ሁሉ ክብደት ከጎማው ጋር አብሮ ይዘላል። አብሮ የሚዘለው ክብደት በጨመረ ቁጥር ሾክ አብዞርበሩ ጎማውን መሬት ላይ አረጋግቶ መያዝ ይከብደዋል። «ፎር ዊል ያንገጫግጫል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው፣ በዘመኑም እውነት ነበር።

ቶዮታ በ1986 ሞዴል ላይ ለአሜሪካ ገበያ የፊቱን ወጥ አክስል ተወው። ጄኔራል ሞተርስ በ1988 ሞዴል ፒክአፖቹ ላይ እንዲሁ አደረገ። በሌሎች ብዙ አገሮች ግን ወጥ አክስል ያለው ሃይሉክስ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሲሸጥ ቆይቷል። ምክንያት ነበረው። አክስሉ አይበገሬ ነው፣ ገጠር ውስጥ ያለ መካኒክም ይጠግነዋል። ቪጎ ተብሎ የሚታወቀው የሃይሉክስ ትውልድ በ2004 ታይላንድ ውስጥ ሲጀመር ፎር ዊሉም ከፊት በሞላ (በተጠማዘዘ ስፕሪንግ) ላይ ተቀመጠ፣ ዲፈረንሻሉም ከጎማው ጋር እንዳይዘል ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ጋር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ በዚህ መጠን ባሉ ፒክአፖች ላይ ከፊት ጎማዎች በኩል የሚመጣው የምቾት ልዩነት በጣም ጠቧል። እንደ ፎርድ ኤፍ-250 ያሉት ትልልቆቹ ግን ፎር ዊላቸው ላይ ዛሬም ወጥ የፊት አክስል አላቸው፣ የተሠሩት ለከባድ ሸክም ነውና።

ምቾቱ ከሚነዱት ጎማዎች ብዛት እንደማይመጣ አንድ ነገር ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ታይላንድ ውስጥ ቁመቱ እንደ ፎር ዊል የሆነ፣ የሚነዳው ግን በኋላ ጎማ ብቻ የሆነ ፒክአፕ በብዛት ይሸጣል። ቶዮታ ፕሪራነር ብሎታል፣ አይሱዙ ዲማክስ ላይ ደግሞ ሃይላንደር ይባላል። እንዲህ ያለውን መኪናና ፎር ዊሉን አስፋልት ላይ ያፈራረቀ ሰው ልዩነቱን በወገቡ አይለይም። ዝቅ ያለውን ቱ ዊል የነዳ ግን ወዲያው ያውቀዋል። ለመግባትና ለመውረድ ይቀላል፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናቶችና አባቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኩርባ ላይም ብዙ አያጋድልም። ጥሩ አስፋልት ላይ ብቻ የሚነዳ ሰው ይህኛውን ቢመርጥ አይሳሳትም።

ኮረኮንች ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዝቅ ያለው መኪና ጎማው ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ አጭር ነው። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ሞላው ቶሎ ያልቅና ጎማው ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚገታው ማቆሚያ ላይ ጓ ያደርጋል። ያ ምት በቀጥታ ወገብ ላይ ያርፋል። ከፍ ያለው ፎር ዊል ጎማው ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ያንኑ ጉድጓድ ለስለስ አድርጎ ያልፈዋል። አገራችን ላይ ለመስክ ሥራ ደብል ጋቢና ፎር ዊል የሚመረጠው በክረምት ጭቃ ምክንያት ነው ይባላል። በበጋም ቢሆን ጠጠር መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የዋለ ሰው ሌላም ጥቅም እንዳለው ያውቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የኋላው ባሌስትራ ነው፣ እሱ ላይ ፎር ዊልና ቱ ዊል ልዩነት የላቸውም ማለት ይቻላል። ከካሶኒው (ከኋላው የጭነት ሳጥን) ሥር ጎንበስ ብለው ይዩት። የላይኞቹ ቅጠሎች ቀጠን ያሉና እንደ ቀስት የጎበጡ ናቸው። ከታች ወፈር ያለ፣ ቀጥ ያለ ቅጠል አለ። እሱ ሥራ የሚጀምረው ጭነት ሲመጣና ላይኞቹ ሲተኙ ነው። ባሌስትራው በሙሉ የተሰላው አንድ ቶን አካባቢ እንዲሸከም ስለሆነ ካሶኒው ባዶ ሲሆን በቂ አይታጠፍም። ብሬከር ላይ የኋላው ክፍል ይነጥራል። ጥቂት ኩንታል ሲጫንበት ያው መኪና ይረጋጋል። ደብል ጋቢና ላይ ችግሩን የሚቀምሱት ኋላ የተቀመጡት ናቸው። ለኋላ አክስሉ ከፊተኞቹ ይልቅ ቅርብ ናቸው፣ የወንበሩም መደገፊያ ቀጥ ያለ ነው። ሹፌሩ «ምንም አይልም» ሲል እነሱ እጀታውን ጨብጠዋል።

ይህን ለመፍታት የሞከሩ አሉ። ራም 1500 በ2009 ሞዴል ኋላውን ወደ ሞላ ቀየረ። ኒሳን ናቫራ በ2014 በወጣው ትውልድ ደብል ጋቢናውን በብዙ ገበያዎች ላይ በኋላ ሞላ አቀረበ። ምቾቱ በግልጽ ይታወቃል። ሁሌ ሙሉ ጭነት የሚሸከም ሰው ግን አሁንም ባሌስትራውን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ጎማውም ድርሻ አለው። ፎር ዊል ብዙ ጊዜ ጥርሱ ሻካራና ጎኑ ጠንካራ ጎማ ይዞ ይመጣል። ድንጋይ ይችላል፣ አስፋልት ላይ ግን ይጮኻል፣ ትንንሽ ንዝረትንም ወደ ጋቢና ያስገባል። ጎሚስታው ለሙሉ ጭነት የሚሆን ንፋስ ሞልቶት በባዶ የሚነዳ ፒክአፕ ደግሞ የባሰ ይነጥራል። በሹፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ለባዶና ለጭነት የሚሆነው ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ተጽፏል። ሰው ሾክ አብዞርበር ከመቀየሩ በፊት ይህን ቢያይ ገንዘቡ ይተርፍለታል።

አነዳዱም አለ። አብዛኛው ፎር ዊል ፒክአፕ በፊትና በኋላ ዘንግ መሀል ዲፈረንሻል የለውም። ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ ረዘም ያለ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ልዩነቱን ያቻችለዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል እንደገባ ከታጠፈ ግን ማርሾቹ ይወጠራሉ፣ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው ቆረጥ ቆረጥ እያለ ይሄዳል። ሚትሱቢሺ ኤል200 ሱፐር ሴሌክት ባለው ሞዴሉ የመሀል ዲፈረንሻል ስላለው አስፋልት ላይም ይፈቅዳል። የመሀል ዲፈረንሻል በሌላቸው ላይ ግን ማንሻው ወደ ቱ ዊል መመለስ አለበት።

ሲፈትሹም ካሶኒው ባዶ ይሁን። ሻጩ የሚመርጠውን ጥሩ አስፋልት ትተው ጠጠር ወዳለበት መንገድ ያስወጡት። መሪውን ለሌላ ሰው ሰጥተው እርስዎ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡ።