መሄጃው 10፣ መመለሻው 20 ሰዓት አይደለም፦ ስለ አዲስ አበባ–ዋሽንግተን በረራ

በጉዞ ወኪልነት በሠራሁባቸው ዓመታት «ዋሽንግተን መሄጃው 10 ሰዓት ነው፤ መመለሻው ግን 20 ይፈጃል» የሚለውን ያህል ደጋግሜ የሰማሁትና ያሰለቸኝ አባባል የለም። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ የተማረ ሰው ነው፤ ቲኬቱን ዘርግቶ በጣቱ እያሳየ ይከራከራል። ለምሳሌ መነሻው 22:30፣ መድረሻው በማግስቱ 8:30 ከሆነ 10 ሰዓት ይቆጥራል፤ ሲመለስም ከዋሽንግተን 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ 7:00 ቦሌ የሚገባ ከሆነ 20 ይቆጥራል። ነገር ግን ቲኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ በ7 ሰዓት፣ በቀሩት ወራት በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ በ7 ሰዓቱ ወቅት ሲሄዱ 7 ይደመራል፣ ሲመለሱ 7 ይቀነሳል፤ መሄጃው በመንገድ ለነዳጅ የሚቆምበትን ጊዜ ጨምሮ 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት ይሆናል። የሚረዝመው መሄጃው ነው ማለት ነው።

ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ የሚበር ቶሎ ይደርሳል የሚሉም አሉ። አየሩም አብሯት ስለሚዞር ይህ አያስኬድም፤ እንዲያውም በዚያ ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሂያጁን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ተመላሹን ያግዘዋል።

ሲሄድ በመንገድ ላይ ለነዳጅ የሚቆመው አውሮፕላኑ ስላረጀ ወይም አየር መንገዱ ሊቆጥብ ስለፈለገ ነው የሚለው ሐሜትም መሠረት የለውም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሣት ኃይልም ይቀንሳል፤ በመሆኑም አውሮፕላኑ መንገደኛውንና ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃውን ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ ስለሌለው ሲመለስ ነዳጁን ሞልቶ ያለማቋረጥ ይመጣል። ለነዳጅ ለምሳሌ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን መቆምም ቢሆን «ዙሪያ ጥምጥም» አይደለም፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ እንዲያ ቢመስልም በሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብትለኩ አጭሩ መንገድ በሜዲትራኒያንና በአውሮፓ በኩል ያልፋል፤ ጭማሪው 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

«ቀጥታ በረራ» ማለትም ያለማረፍ ማለት አይደለም፤ የበረራ ቁጥሩ ሳይቀየር መሐል ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ሰዓቱ ራሱ በትክክል ሳይነበብ ሲቀር ነው። የአንድ ደንበኛዬ እናት ከዋሽንግተን የሚገቡበት ሰዓት 7:00 ተብሎ ነበር፤ ልጆቻቸው ቀን 7 ሰዓት መስሏቸው አበባ ይዘው እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ደረሱ። እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ስልክ ሳይኖራቸው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቲኬት በሰጠሁ ቁጥር ከታተመው ሰዓት ጎን በእስክሪብቶ «ጠዋት 1 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ» ብዬ ቀኑን ጭምር እጽፋለሁ፤ ተቀባዩ ቤተሰብም ያንኑ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሥቶ እንዲያስቀምጥ አደርጋለሁ።